«በ11,500 ዶላር አርቪ ልግዛ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው ይሄ ነው፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖሩት፣ አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ሶስት ልጆች እና እናትሽ፣ ባጠቃላይ ስድስት ናችሁ። በየዓመቱ ጁላይ ላይ ለኛ ሰው ኳስ፣ አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለሚያደርጉት የእግር ኳስ ውድድር፣ ስትሄዱ የአውሮፕላን ትኬቱና ሆቴሉ ስላማረራችሁ ያገለገለ አርቪ፣ ማለትም አልጋና ምድጃ ያለው እየነዱ የሚያድሩበት ቤት መኪና፣ ለመግዛት አስባችኋል። ያገኛችሁት የ2004 ሞዴል ክላስ ሲ፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው አይነት ነው፣ ፎርድ ኢ-450 ላይ የተሰራ፣ 28 ጫማ፣ 61,000 ማይል የሄደ። ሰውየው 11,500 ይላል፣ «ጣሪያው ትንሽ ውሃ አሳልፎ ነበር አሰርቼዋለሁ፣ ወለሉም አዲስ ነው» ብሎሻል። ባለቤትሽ ማይሉን አይቶ ልቡ ሄዷል፣ አንቺ ደግሞ ልብሽ አልቆረጠም። ልግዛ ወይስ ልተው፣ ከገዛሁስ ለማደስ ስንት ልያዝ ነው ጥያቄው።

እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ስራዬ አርቪ መጠገን ነው፣ ከዛ በፊት አዲስ አበባ መካኒክ ነበርኩ፣ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስንከራተት ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ስለዚ ባለቤትሽን በደንብ እረዳዋለሁ። እኛ ጋ መኪና ሲገዛ ኮፈን ይከፈታል፣ ዘይት ይታያል፣ ይነሳል፣ በማርሚታው የሚወጣው ጭስ ይታያል፣ ከዛ ዋጋ ይቆረጣል። አርቪ ላይ ግን ይሄ ሁሉ ከስራው ሩቡ ነው። ምክንያቱም እየገዛሽ ያለሽው የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተጫነ የእንጨት ቤት ነው፣ ሻንሲውና ሞተሩ ብዙ ጊዜ ቤቱን ቀብረው ይኖራሉ። 61,000 ማይል ለዛ ሞተር ምንም አይደለም። 20 ዓመት ዝናብ ለዛ ጣሪያ ግን ብዙ ነው።

ሰውየው ካለሽ ነገር ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ታዲያ ሁለቱን ባንድ ላይ መናገሩ ነው፦ አሳልፎ ነበር፣ እና ወለሉ አዲስ ነው። ለምን ይሆን ወለሉ አዲስ የሆነው? ቤት ለማሳመር ከሆነ ጥሩ። የበሰበሰውን ለመሸፈን ከሆነ ግን አዲሱን ላሚኔት ንጣፍ በላዩ ላይ አንጥፎበታል ማለት ነው።

ይሄን የምለው ከመፅሐፍ አይደለም። የመጀመሪያዬን አርቪ በ6,500 ዶላር ስገዛ መካኒክ ነኝ ብዬ ኩራቴ አይጣል ነበር፣ ሞተሩ ስር ገብቼ ተኝቼ አየሁት፣ ቺንጊያውን፣ ዲናሞውን፣ የፍሬን ሸራውን ሳይቀር። ውስጡ ሲገባ አዲስ ወለል፣ አዲስ መጋረጃ፣ በየቁምሳጥኑ ውስጥ የመኪና ሽቶ ተንጠልጥሏል። ደስ አለኝ እኮ! ሽቶው ምን እየደበቀ እንደሆነ አልጠረጠርኩም። በሁለተኛው ወር ልጆቹን ይዤ ሸናንዶዋ ፓርክ ወጣሁ፣ ሌሊት ዝናብ መጣ፣ ተኝቼ ግንባሬ ላይ ጠብ ሲል ነቃሁ። ቤቴ ተመልሼ ጥግ ላይ ያለውን ግድግዳ በካቻቢቴ ስነካው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ውስጡ ያለው ኮምፖንሳቶ እንደ ረጠበ ድርቆሽ በእጄ ነው የወጣው። አራት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን በላው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚባለው እሱ ነው፣ ላይ ላዩን ምንም አይታይም።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ካወቅሽው የት የት እንደምታዪ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ግድግዳው ውጪው ስስ ፋይበርግላስ ነው፣ ከሱ ስር ስስ ኮምፖንሳቶ፣ ከዛ ፎም፣ ከዛ ቀጭን የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ሁሉም በኮላ የተጣበቀ። ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ሽፋን ነው። አሁን ይሄን ቤት መንገድ ላይ አውጥተሽ ስትነጂው እያንዳንዱ ማይል ትንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፣ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት፣ የአየር መውጫው ዙሪያ፣ የኤሲው ዙሪያ፣ መሰላሉ በብሎን የታሰረበት ቦታ ሁሉ ይላወሳል፣ ማሸጊያው ማስቲሽ ደግሞ ፀሐይ እየመታው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ በቂ ናት። ለዚህ ነው ማስቲሹን በዓመት ሁለቴ ወጥቶ ማየት ግዴታ የሚሆነው፣ ብዙ ባለቤቶች ግን ከገዙ ጀምሮ አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ወጥተው አያውቁም።

ስለዚ ስትሄጂ እንደዚህ አድርጊ። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂጂ። ደውለሽም «እባክህ ሳልመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው፣ ፍሪጁን ግን ከትናንት ጀምረህ አብራው» በይው፣ ሁለቱንም ምክንያት ታች እነግርሻለሁ። በሩን ከፍተሽ ስትገቢ መጀመሪያ አፍንጫሽን ተጠቀሚ። የሻገተ፣ የታፈነ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ውሃ አለ። ሽቶ ሽቶ የሚል ከሆነም ያው ነው።

ከዛ ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለውን አልጋ ላይ ውጪ። ክላስ ሲ ቀድሞ የሚያሳልፈው እዛ ጋ ነው። ፊት ለፊት ከውጪ አምስት ብርቱካንማ መብራቶች ታያለሽ አይደል፣ ውሃው በነሱ ቀዳዳ ይገባና ፍራሹ ስር ይተኛል። ፍራሹን አንሺው፣ አትፈሪ፣ ገዢ ነሽ። ሁለቱን ጥጎች በአውራ ጣትሽ ጫን በይ። ደረቅ እንጨት ንቅንቅ አይልም፣ የበሰበሰው ግን ስፖንጅ ላይ እንደተጫንሽ እሺ ይልሻል። ቡናማ የውሃ ካርታ ካለ፣ ወይ ደግሞ አዲስ የተለጠፈ ወረቀት እዛች ጥግ ላይ ብቻ ካለ፣ መልስሽን አገኘሽ። ቀጥሎ የላይ ቁምሳጥኖችን በሙሉ ክፈቺና በስልክሽ መብራት ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን እዪ፣ ሰው ሳሎኑን ያድሳል እንጂ የቁምሳጥን ውስጥ የሚያድስ የለም። የመስኮቶቹን ስር፣ ሻወሩ አጠገብ ያለውን ወለል፣ ግድግዳው ወደ ውጪ የሚወጣ አይነት ከሆነ የሱን ጥግ ጥግ በተረከዝሽ ርገጪ።

30 እና 40 ዶላር የሚሸጥ ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ አለ፣ የግንባታ ዕቃ መደብር ታገኚዋለሽ። ከ15 በመቶ በታች ካነበበ ደረቅ ነው በይው፣ ከ15 እስከ 20 ያጠራጥራል፣ ከ20 በላይ እርጥብ ነው። ብሎን ወይም ብረት ላይ ካረፈ ይዋሻል፣ ስለዚ አንድ ቦታ ላይ ሶስት አራቴ ውጊው። ሻጩ «ግድግዳዬን ልትበሺው ነው?» ካለሽ የቁምሳጥን ውስጥ ውጊ፣ አይታይም።

ውጪ ስትወጪ ግድግዳውን ፊት ለፊት አትዪው፣ ከጫፉ ቁሚና በጎን እዪ፣ ጠዋት ወይ አመሻሽ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ይሻላል። ፊቱ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ካለ ጥሩ፣ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አውጥቶ ወይ ተነፋፍቶ ካየሽው ፋይበርግላሱ ከኮምፖንሳቶው ተላቋል፣ ያን ጠግኖ እንደነበር መመለስ በአንቺ በጀት አይታሰብም።

ጣሪያው ላይ ራስሽ አትውጪ፣ ባለቤትሽ ይውጣና ፎቶ ያንሳ። «አሰርቼዋለሁ» ያለው በምን እንደተሰራ ነው የምንፈልገው። ለጎማ ጣሪያ የሚሆን ራሱ የሚንጣለል ማስቲሽ አለ፣ በደንብ ፀድቶ በሱ ከተሰራ፣ ወይም ወፍራሙ የጣሪያ ቴፕ ከተለጠፈበት፣ ሰውየው አውቆ ነው የሰራው። ነጭ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ከተቀባ ግን ወየው ነው፣ ሲሊኮን ጎማው ላይ በደንብ አይዝም፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ሌላ ትክክለኛ ማሸጊያ በላዩ ላይ እንቢ ይላል፣ ፍቆ ማውጣቱ ራሱ የቀናት ስራ ነው። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ በአዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ መቼ እንደተቀባ ጠይቂ። እርጥብ እንጨት ላይ ከተቀባ ውሃውን ውስጥ ቆልፎበታል ማለት ነው፣ ከላይ ድስቱን ከድኖ እንደመቀቀል።

እዚህ ድረስ ያለው ካለፈ ብቻ ወደ ሞተሩ እንሂድ። ካላለፈ ባለቤትሽን እጁን ይዘሽ ውጪ፣ ሞተሩን አታስነሱት፣ ከተነሳ ልቡ ይሰበራል።

ሞተሩ ቪ10 ነው፣ 6.8 ሊትር። ጠንካራ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡት ካንዴላ የመትፋት ችግር ነበረባቸው፣ ቴስታታው ላይ ካንዴላው የሚታሰርበት ጥርስ ትንሽ ስለነበረ ማለት ነው፣ ያንቺ ከዛ በኋላ የተሻሻለው ነው፣ ብዙ አያሳስብሽ። የሱ የታወቀ ነገር የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ቡሎኖች ዝገው መሰበራቸው ነው። ቀዝቃዛ እያለ ስታስነሺው ቲክ ቲክ ቲክ ይላል፣ ሲሞቅ ብረቱ ይሰፋና ዝም ይላል። ሳልመጣ አታስነሳ ያልኩሽ ለዚህ ነው፣ ስትደርሺ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፣ ሞቆ ከጠበቀሽ አንድ ጥያቄ ያዢ። የካምቢዮ ዘይቱ ቀይ ይሁን፣ የተቃጠለ አይሽተት። ነድታችሁት ዳገት ይውጣ፣ ሀይዌይ ይግባ፣ ፍሬን ላይ ወደ አንድ ጎን እንዳይጎትት። በቃ፣ ባለቤትሽ ይሄን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

ጎማ ግን ለሱም አትተዪለት! ጥርሱ አዲስ ስለሆነ «ጎማው ምንም አልሆነም» ይልሻል። የአርቪ ጎማ በመሄድ አያልቅም፣ በመቆም ነው የሚያረጀው። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ፅሁፍ ጫፍ አራት ቁጥር አለ፣ 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ማለት ነው። ከስድስት ሰባት ዓመት ያለፈ ጎማ ላይ ቤተሰብ ጭኜ በጁላይ ሙቀት አልነዳም፣ አንቺም አትንጂ። የኋላው ደብል ስለሆነ ስድስት ጎማ ነው፣ ከነመግጠሚያው ከ1,000 እስከ 1,400 ዶላር ያዢ። የውስጠኛዎቹ ቁጥር ወደ ውስጥ ዞሮ ሊሆን ይችላል፣ ጎንበስ ብሎ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ዕቃዎች። ፍሪጁ እንደቤትሽ ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም፣ በሙቀት ነው የሚያቀዘቅዘው፣ በአሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን፣ ሙቀቱን ከፕሮፔን ወይ ከኤሌክትሪክ ያገኛል። ስለዚ ቀስ ነው የሚለው፣ ለመቀዝቀዝ ግማሽ ቀንና ከዛ በላይ ይወስዳል፣ ከትናንት አብራው በይው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ስትደርሺ ቴርሞሜትር አስገቢበት፣ ከ40 ፋራናይት በታች መሆን አለበት። ውጪ ያለውን መክፈቻ ስትከፍቺ ቢጫ ዱቄት ካየሽ ወይ አሞኒያ ከሸተተሽ አልቋል፣ አዲሱ ከነስራው 2,000 ዶላር አካባቢና ከዛም በላይ ነው። አንዳንድ የነዚህ ፍሪጆች ሞዴሎች በእሳት አደጋ ምክንያት በሪኮል፣ ማለትም ጉድለታቸው እንዲስተካከል በአምራቹ፣ ተጠርተዋል፣ ስለዚ የመኪናውን ቪን (የሻንሲ መለያ) ቁጥርም የፍሪጁን ሞዴልም በፌደራሉ የትራንስፖርት ደህንነት መስሪያ ቤት ሪኮል መፈለጊያ ላይ አስገቢና እዪ፣ ነፃ ነው። ፍሪጁ ደግሞ መኪናው ዘንበል ብሎ ቆሞ ለረጅም ሰዓት ከሰራ ይጎዳል፣ ይሄን ለባለቤትሽ ንገሪው።

ጄኔሬተሩ 4,000 ዋት ይሆናል፣ የዛን ዘመን ክላስ ሲዎች ላይ የተለመደው እሱ ነው። የሰራበትን ሰዓት የሚቆጥር ነገር አለው። ብዙ ሰው ትንሽ ሰዓት ሲያይ ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን 20 ዓመት ቆሞ 90 ሰዓት የሰራ ጄኔሬተር ያስፈራኛል፣ ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። በወር አንዴ ኤሲ ተጭኖበት ሁለት ሰዓት ያህል መስራት ነበረበት። አስነሺውና ኤሲውን አብሪበት፣ ሳያንቀጠቅጠው ከሸከመው ደህና ነው። እንቢ ካለ ደግሞ ቶሎ አትፍረጂበት፣ ታንኩ ከሩብ በታች ከሆነ ጄኔሬተሩ ቤንዚን እንዳይስብ ተደርጎ ነው የተሰራው፣ በረሃ ላይ እንዳትቀሩ ተብሎ። ስንት ሰው ነው በዚህ ምክንያት ብቻ እኔ ጋ የመጣው መሰለሽ።

ጋዙን በተመለከተ፣ ገዝተሽው ከሆነ ከምንም በፊት አንድ የሚያውቅ ቴክኒሻን የፕሮፔን ሊክ ምርመራ ያድርግልሽ፣ እዚህ ላይ ብር አትቆጥቢ። ጋዝ ጠቋሚውም ዕድሜ አለው፣ እንደየአሰራሩ አምስት ወይ ሰባት ዓመት ነው፣ ጀርባው ላይ ቀን ተፅፎበታል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ይተኛል፣ ጠቋሚው ታች ወለሉ አጠገብ የተሰቀለው ለዚህ ነው እንጂ ሰው ተሳስቶ አይደለም። የካርቦን ሞኖክሳይዱንም የጭሱንም አንድ ላይ ለውጪያቸው። እና እናትሽን በአክብሮት፦ ከሰል ውስጥ አይገባም፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ በሩ ቢከፈትም። ሽታ የሌለው ነገር ነው የሚገድለው። ጀበናው ምድጃው ላይ ይፈላል፣ የምድጃውን ማራገቢያ ከፍታችሁ፣ ረከቦቱና እጣኑ ውጪ ዛፍ ስር ይሁን፣ እሱም ይበልጥ ደስ ይላል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኛ ሰዎች የምንጎዳው እዚህ ጋ ስለሆነ። ያንቺ ባለ 30 አምፕ ነው የሚሆነው። 30 በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው፣ ሌላ የለም። ኤሲው ብቻውን 12፣ 13 አምፕ ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድሽ 1,500 ዋት ከሆነ 12 አምፕ ተኩል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 25 ደርሰሻል፣ ፍሪጁ በኤሌክትሪክ ላይ ከሆነ ሶስት ይጨምራል፣ አሁን ልጅሽ ፖፕኮርን ማይክሮዌቭ ውስጥ ያስገባና ጨለማ ነው። ስለዚ እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት ኤሲ ይጠፋል፣ ወይ ደግሞ ቤት ጋግረሽ ነው የምትወጪው።

ሌላው የቤታችሁ ሶኬት። አንድ ደንበኛዬ፣ ያገራችን ሰው ነው፣ ቤቱ ጓሮ የ30 አምፕ ሶኬት በኤሌክትሪሺያን አስገጠመ። ኤሌክትሪሺያኑ ሶስት ቀዳዳ ያለው 30 አምፕ ሲያይ የልብስ ማድረቂያ መሰለውና 240 ቮልት አገናኘው። ሰካው፣ ሁለት ሰከንድ፣ ማይክሮዌቩ፣ የባትሪ ቻርጀሩ፣ የፍሪጁ ቦርድ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም። እኔ ስደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ገና አልወጣም ነበር። የአርቪ ባለ 30 አምፕ 120 ቮልት ነው፣ 240 አይደለም፣ ለሚሰራልሽ ሰው ሶስቴ ንገሪው፣ ሰርቶ ሲጨርስም ሳትሰኪ በቮልቲሜትር 120 አካባቢ እንደሚያነብ በዓይንሽ እዪ።

ውሃው ደግሞ ክረምት ላይ ነው ጉዱ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አርቪ ቱቦው ውስጥ ውሃ እያለ ከቀዘቀዘ ይፈነዳል። ስለዚ ንፁህ ውሃ ሞልተሽ ፓምፑን አብሪና ቧንቧዎቹን ዝጊ፣ ፓምፑ ዝም ማለት አለበት። ማንም ውሃ ሳይከፍት በየደቂቃው ቱርርር የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ውሃውን አውጥታችሁ ሮዙን የአርቪ ፀረ ቅዝቃዜ ታስገባላችሁ፣ ሮዙን ነው፣ ራዲያተር ውስጥ የሚገባው መርዝ ነው፣ መጠጥ ቱቦ ውስጥ አይነካም። የውሃ ማሞቂያውን ባዶ ሆኖ አታብሩት።

ባትሪ፣ የቤቱ ባትሪዎች ማለቴ ነው፣ ሞተዋል ብለሽ አስቢ፣ ሁለት ተራ ባትሪ 300 ዶላር ገደማ። ሊቲየም እንግዛ ብሎ ባለቤትሽ ካነሳ ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው በይው፣ የድሮ ቻርጀር ለሊቲየም አይሆንም፣ ዲናሞውንም ያስጨንቀዋል፣ አንዱን ለመቀየር ሶስት ዕቃ ነው የሚቀየረው።

ስድስት ሰው ነን ስላልሽ፦ አልጋ አትቁጠሪ፣ ቀበቶ ቁጠሪ። ስምንት ሰው ያስተኛል ተብሎ የሚሸጥ አርቪ ስድስት ቀበቶ ላይኖረው ይችላል። የልጅ ወንበር ወደ ፊት በሚያይ መቀመጫ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ወደ ጎን የሚያየው ሶፋ ላይ አይሆንም። ይሄ ካልተሟላ ጣሪያው ደረቅ ቢሆንም ለናንተ የሚሆን ቤት አይደለም። እናትሽም በሩ ላይ ያለውን ደረጃ ወጥተው ይሞክሩት፣ ከፍ ያለ ነው፣ ከስር ተጨማሪ መርገጫ ያስፈልጋቸዋል፣ አልጋቸውም የኋለኛው ይሁን፣ ላይኛው የልጆች ነው።

መንገዱን በተመለከተ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆንሽ አንድ የግድ ማወቅ ያለብሽ አለ። ባልቲሞር ያሉት ሁለቱ የወደብ ዋሻዎች፣ ሃርበር ተነልም ፎርት ማክሄንሪም፣ እንዲህ አይነት የፕሮፔን ታንክ ያለው መኪና አያሳልፉም። ድሮ በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞሩ ነበር፣ እሱ ማርች 26፣ 2024 መርከብ መትቶት ወደቀ። ስለዚ ወደ ሰሜን ስትወጡ ባልቲሞርን የሚዞረውን 695 ሀይዌይ በምዕራብ በኩል በታውሰን አድርጋችሁ ዞራችሁ ነው 95 ሀይዌይ ላይ የምትገናኙት። የስልክ ካርታ ይሄን አያውቅልሽም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ዋሻው ነው የሚልክሽ። የመኪናውን ቁመት ደግሞ ከነኤሲው ለኩና በወረቀት ፅፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት፣ 11 ጫማ አካባቢ ይሆናል። ሸናንዶዋ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ ያለው ሜሪስ ሮክ ዋሻ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፣ ታልፋላችሁ። ማደያ ላይ ያለው ዝቅ ያለ ጣሪያ ነው ኤሲ የሚቆርጠው። ስትታጠፉም የኋላው ጭራ ወደ ውጪ ይወረወራል፣ የመጀመሪያው ጭረት ሁልጊዜ የማደያ ምሰሶ ላይ ነው።

ነዳጅ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ነው። ኳሱ ያለበት ከተማ 1,000 ማይል ከራቀ ደርሶ መልስ 220 ጋሎን ይሆናል፣ በ3 ዶላር ከሃምሳ ብናስበው ወደ 780 ዶላር። ከስድስት ትኬትና ከሆቴል ጋር ስታነፃፅሪው ይሻላል፣ ግን ኢንሹራንሱን፣ የማቆሚያውን ኪራይ ጨምሪበት። ሰፈራችሁ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማህበር) ካለው ግቢያችሁ ማቆም ላይፈቀድ ይችላል፣ ሳትገዢ ደንቡን አንብቢ። ሜሪላንድ ስም ለማዞር የሴፍቲ ኢንስፔክሽን (የደህንነት ምርመራ) ማለፍ አለበት፣ አርቪ የሚያስገባ ጣቢያ ደግሞ ሁሉም አይደለም፣ ቀድመሽ ደውዪ። ሊብሬው በሰውየው ስም መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ እንደሌለበትም እዪ።

እንግዲህ ዋጋው። ደረቅ ሆኖ ከተገኘ የምትይዢው እንዲህ ነው፦ ጎማ 1,400፣ ባትሪ 300፣ ጠቋሚዎቹ 150፣ የጣሪያ ማሸጊያና ቴፕ ራሳችሁ ከሰራችሁት 300፣ የፍሬን ዘይት፣ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት፣ ቺንጊያ ምናምን 700፣ የጋዝ ምርመራ 200፣ ጄኔሬተሩ ካርቡራተር ከፈለገ 500። ወደ 3,500 መጣ፣ እኔ ብሆን 5,000 ይዤ ነው የምገባው፣ ምክንያቱም ወይ ፍሪጁ ወይ ኤሲው በመጀመሪያው ዓመት እጅ ይሰጣል። ስለዚ 11,500 ለሱ ብዙ ነው፣ 8,000 በይና ጀምሪ፣ የጎማውን ቀን ፎቶ አሳዪው፣ ከ9,000 አትለፊ። እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ግን በ5,000ም አልወስደውም፣ ጣሪያና ግድግዳ በባለሙያ ይሰራ ካልሽ ከገዛሽበት ዋጋ ይበልጣል። ውስጡ አስቀያሚ፣ ምንጣፉ ያረጀ፣ መጋረጃው የ1990ዎቹ፣ ግን ደረቅ የሆነ ካገኘሽ እሱን ግዢ፣ መጋረጃ አንቺ ትሰፊዋለሽ።

አንድ ነገር ሰውየውን በስልክ ጠይቂው፣ ከመሄድሽ በፊት፦ «ወለሉን ስትቀይር አሮጌውን አውጥተህ ነው ወይስ በላዩ ላይ ነው? ስትሰራ ያነሳኸው ፎቶ አለህ?» የሰራ ሰው ፎቶ አለው። ፎቶ ካለው ሂዱ። ከሌለውና ከተንተባተበ ቅዳሜሽን አታባክኚ። ከሄዳችሁ ደግሞ የላይኛውን አልጋ ሁለት ጥግ፣ የጣሪያውን ማስቲሽ እና የስድስቱን ጎማ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ እዚሁ አስቀምጪልኝ፣ ማታ ከስራ ስወጣ አየዋለሁ።